የተፈጥሮ ትምህርት ማዕከሉ ከጎርፍ መጥለፊያው ይጀምር

በቆቦ ቆላ ቀበሌዎች በአንዱ የሚገኝ ትምህርት ቤት ደርሼ የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተከታተልኩ። መምህሩ «ጎርፍ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «የተፈጥሮ አደጋ ነው» አለች፤ ተጨበጨበላት። መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ይስማማል። ከአጥሩ ማዶ ግን ገበሬው ከምዕራቡ ተራራ የወረደውን ጎርፍ ጠልፎ ባበቀለው ማሽላ መሃል ቆሞ ወፍ ይጠብቅ ነበር። ለራያ ገበሬ አደጋው ጎርፉ የቀረ ዕለት ነው።

ለልጆቻችን በተፈጥሮ ውስጥ የሚማሩበት የአካባቢ ትምህርት ማዕከል ያስፈልጋል ብዬ የምከራከረው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ማዕከል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየን አዳራሽ፣ አጥርና ትልቅ ታፔላ ነው። በጦርነቱ የተጎዱ መማሪያ ክፍሎችን ጠግነን ባልጨረስንበት ወረዳ አዲስ ሕንፃ መጠየቅ አይገባም፤ አያስፈልግምም። ሜዳው ራሱ ሊማሩበት የሚገባው ነገር ሞልቶታል።

ጎሊናንና ሆርማትን እንውሰድ። ክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ጎርፉ ግን ከሰዓታት በኋላ ይደርሳል፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት። ገበሬው በድንጋይ፣ በአሸዋና በእሾህ ቅርንጫፍ ግድብ ሠርቶ ውሃውን ወደ እናት ቦይ፣ ከዚያም ወደ ማሳው ይመራዋል። ማን ቀድሞ ያጠጣል፣ ማን ይከተላል፣ የፈረሰውን ማን ይጠግናል የሚለውን የሚዳኙት የውሃ አባቶች ናቸው። ጎርፉ ከውሃው ጋር ደለል ይዞ ይመጣል፤ ማሳው ያለ ማዳበሪያ የኖረው በዚህ ነው። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ከማለፉ በፊት ወደ መሬት የሚሰርገውም ዛሬ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር የምንስበውን ውሃ ይተካል። ሃይድሮሎጂ፣ የአፈር ሳይንስና ሕግ እዚህ ቦይ ላይ ይገናኛሉ። ይህን የሚያውቁት ሰዎች ግን አርጅተዋል፤ ወጣቱም አንድ እግሩ ባሕር ማዶ ነው።

እዚህ ላይ ማንም የማያነሣው አንድ ችግር አለ፤ እሱም የጊዜ ሰሌዳው ነው። ጎርፉ የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሲሆን ነው። ችግኝ የምንተክለውም በዚያው ወቅት ነው። መስከረም ልጆቹ ሲመለሱ ማሽላው እያሸተ፣ ሕዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አጨዳው ደርሶ ልጁ ከክፍል ይቀራል፤ እኛም «መጠነ ማቋረጥ» ብለን በሪፖርት እንጽፈዋለን። ማዕከሉ ሥራውን በመሬቱ ዓመት ካላቀደ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ታፔላ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የክረምት ጥቂት ቀናት ይመደቡ፤ ልጆቹ በቀን ብርሃን፣ ከወንዙ ወለል ርቀው ከከፍታ ላይ ሆነው፣ ከውሃ አባትና ከመምህር ጋር ጎርፍ ሲጠለፍ ይዩ። በአጨዳ ወቅት ያልመጣው ልጅም ያጨደውን ይለካ፤ ምርቱን በሒሳብ ደብተሩ ይጻፍ።

ልምዱ በአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበባትን ሲያደራጅ ኖሯል። መልካ ኢትዮጵያም ተማሪዎችን ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወስዶ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ያገናኛል። ከዚህ የምወስደው ሽማግሌው እንደ አስተማሪ መቆጠሩን ነው። የደን ጉብኝቱን ግን እንዳለ መቅዳት አይጠቅመንም፤ የእኛ መማሪያ ሜዳው፣ ቦዩና የዞብል ተራራ ነው።

አጋር ፍለጋም ሩቅ አያስኬድም። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ቆቦ ላይ የምርምር ጣቢያ አለው። በምርምር የወጡ የማሽላ ዝርያዎች ጎብዬ፣ ሆርማት፣ ጊራና የሚል ስም አላቸው፤ ሁሉም የእኛው ቦታዎች ናቸው። ይህን ለተማሪ የነገረው አለ? ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ለእኩል አራሽ ከሚሰጡት መሬት ግማሽ ጥማድ ቢቀንሱ፣ ደጋሊትና ጅጉርቲ ከአዲሶቹ ዝርያዎች ጎን ለጎን ይዘራሉ። የበልጉ ዝናብ ሲዘገይ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ደጋሊት ምን እንደሚሆን፣ አቀንጭራ የትኛውን እንደሚጎዳ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መርሳ ካምፓስ የግብርና ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ ሊልክ ይችላል።

ቅንጨ አረምንም አንርሳ። ብዙ አባቶች በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ ይናገራሉ። ዛሬ መንገድ ዳሩንና የግጦሹን መሬት ይዞታል። ከማበቡ በፊት የነቀለውና ካበበ በኋላ የነቀለው ሰው ድካማቸው እኩል ነው፤ ውጤታቸው ግን አይገናኝም። ይህን አንድ ክፍል ተማሪ በሁለት ቁራጭ መሬት ላይ በአንድ ዓመት ሊያረጋግጥ ይችላል። በ2013 ጥቅምት የበረሃ አንበጣ የደረሰ ሰብላችንን ሲበላ በጅራፍና በጣሳ ጩኸት አብረውን የተሯሯጡት እነዚሁ ልጆች ነበሩ። ያኔ እንደ ጉልበት ፈለግናቸው፤ አንበጣው የት እንደሚፈለፈል፣ መቼ ክንፍ እንደሚያወጣ ግን አላስተማርናቸውም።

ለወረዳው አመራር አንድ ግልጽ ጥያቄ አለኝ። ለስብሰባ አበል የምትመድቡ ከሆነ የውሃ አባት ለሚያስተምርበት ቀንም መድቡ። ባለሙያ ከወልድያ ሲመጣ ይከፈለዋል፤ ማሳውን ጥሎ ለሚመጣው ሽማግሌ ግን ሻይ እንኳ አይቀርብለትም። «በነፃ ያገልግል» የሚለው ልማድ አጋርነትን ይገድላል፤ ሁለተኛውን ዓመት አያይም።

የገበሬዎቹ ስጋት ደግሞ መሬት ነው። «ማዕከል» ሲሉ የወል ግጦሻችን ይታጠር ይሆን ብለው ይጠራጠራሉ፤ መጠራጠራቸውም ተገቢ ነው። ስለዚህ ቦታው የትምህርት ቤቱ የራሱ ይዞታ ይሁን፤ ቦይና ተራራው ደግሞ የሚጎበኝ እንጂ የሚወሰድ አይሁን። ይህ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ተነቦ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቱና የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ ይፈርሙበት። መምህራኑ ሰኔ ላይ ሳይበተኑ አንድ ትምህርት ቤት ተመርጦ ከተፈረመ፣ የመጀመሪያው ትምህርት በሐምሌው ጎርፍ ሊሰጥ ይችላል።