የኔትወርክ ፍጥነትና የመረጃ ማከማቻ አብረው ይታቀዱ

የኢተርኔት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በአንድ ቁጥር ዕድገት ነው። በ1973 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሲጠነሰስ በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት ያስተላልፍ የነበረው ቴክኖሎጂ፣ በ1983 የ10 ሜጋቢት መስፈርት ጸደቀለት፤ በ1998 ወደ 1 ጊጋቢት፣ በ2002 ወደ 10፣ በ2010 ወደ 100፣ በ2017 ደግሞ ወደ 400 ጊጋቢት ተሸጋገረ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ይህ አተራረክ ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይሸፍናል፤ በመስመሩ የሚመጣውን መረጃ ምን ይቀበለዋል?

የ1 ጊጋቢት መስመር አቅም በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው። በተከታታይ ሲነበብ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ያህል የሚሰጥ አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻውን ይሞላዋል፤ በመሆኑም ማነቆው ኔትወርኩ ነው። በ100 ጊጋቢት መስመር ግን በሰከንድ 12.5 ጊጋባይት ያልፋል። ይህን ለመሙላት ከስድሳ በላይ እንዲህ ያሉ ዲስኮች በአንድነት መሥራት ይኖርባቸዋል። በአንጻሩ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 7 ጊጋባይት የሚያነቡ ሁለት የኤንቪኤምኢ ድራይቮች ይበቁታል። ማነቆው ቦታውን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።

የኔትወርክ ንድፍም በዚሁ ስሌት ሊመዘን ይገባል። እያንዳንዳቸው 25 ጊጋቢት የሆኑ 48 ፖርቶች ያሉት ስዊች ከሰርቨሮች እስከ 1,200 ጊጋቢት ሊቀበል ይችላል። ወደ ላይ የሚያገናኙት መስመሮች ስድስት ባለ 100 ጊጋቢት ብቻ ከሆኑ፣ ሰርቨሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲልኩ ግማሹ ብቻ ያልፋል። ለተራ አገልግሎት ይህ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ማከማቻው ከሰርቨሮቹ ተለይቶ በኔትወርኩ ማዶ ሲቀመጥ ግን እጥረቱ በእያንዳንዱ ንባብና ጽሑፍ ላይ ይታያል።

የመጠኑም ጉዳይ አለ። የ100 ጊጋቢት መስመር በአማካይ ከአቅሙ አንድ አሥረኛውን ብቻ ቢጠቀም እንኳ በቀን 108 ቴራባይት ያሳልፋል። ከዚህ የትኛው እንደሚቀመጥና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ፈጣኑ መስመር ማከማቻውን በፍጥነት ከማጨናነቅ ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም።

«ነገ ስለሚያስፈልግ ዛሬ ከፍተኛውን ፍጥነት እንግዛ» የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ለፋይበር ገመድ ይህ ያስኬዳል፤ ቁፋሮው ውድ ነው፣ በአግባቡ የተመረጠ ገመድም በርካታ የመሣሪያ ትውልዶችን ያገለግላል። ለስዊች ግን አያስኬድም፤ ሥራ የፈታ ፖርት ዛሬ ገንዘብ ይበላል፣ ነገ ደግሞ ያረጃል።

ስለሆነም የዩኒቨርሲቲ የግዢ ሰነድ ከኔትወርኩ ፍጥነት ጎን ሁለት ቁጥሮችን መጠየቅ አለበት፤ ማከማቻው ሳያቋርጥ በሰከንድ ምን ያህል ይጽፋል? መረጃውስ በየቀኑ ምን ያህል ያድጋል? እነዚህን በየተቋሙ መለካት ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመጥን፣ ውጤቱም ውስን በጀትን ከብክነት የሚያድን ሥራ ነው።