የማስጫ አልጋው ሸራ ከዝናቡ ይቅደም

በጌዴኦ ዞን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የአርሶ አደሩ የዓመት ልፋት ወደ ገንዘብ የሚለወጥበት ነው። የልጆች ትምህርት ወጪ፣ የመሬት ግብር፣ ዓመቱን ሙሉ ሲንከባለል የመጣ ብድር የሚሸፈነው ከቡና ነው። ወቅቱ በጋ በመሆኑ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ዝናቡም ከኅዳር ወዲህ እየሳሳ እንዲሄድ ይጠበቃል። ለቃሚውም፣ አስጪውም፣ ሰብሳቢ ነጋዴውም ሥራውን ያደራጀው ይህንኑ አምኖ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በጋው እንደ በጋ አልሆን እያለ ተቸግሯል።

የቅርቡን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም የበጋ መግቢያ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ የሀገሪቱ ክፍል ከመጠን ያለፈ ዝናብ ጣለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም ደግሞ በላኒና ምክንያት ያው ወቅት በተከታታይ ደረቀ፤ በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች የደረሰው የእንስሳት እልቂት የሚታወስ ነው። በ2016 ዓ.ም ኤልኒኖ ሲመለስና የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሲሞቅ፣ ጥቅምትና ኅዳር እንደገና በጎርፍ አለፉ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለቱም ጽንፎች ታዩ ማለት ነው። “ዘንድሮ እንደ አምናው ይሆናል” ብሎ ማቀድ ከእንግዲህ አያዋጣም።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ማስጫ አልጋው ላይ ነው። የታጠበ ቡና ለመድረቅ ከ10 ቀን እስከ 2 ሳምንት፣ ከነልጣጩ የሚሰጣው ደግሞ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። በዚህ መሐል የአንድ ከሰዓት ዝናብ ያልተሸፈነ ቡና ላይ ከወረደ የሳምንት ሥራ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፍሬው ይቦካል፣ ይሻግታል፣ ሽታው ይለወጣል። የሻጋታው ጣጣ በጣዕም ብቻ አያበቃም። አንዳንድ ሻጋታዎች ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ የሚያመነጩ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት በቡና ውስጥ የሚገኘውን የዚህን መርዝ መጠን በሕግ ገድቧል። በስሙ ዓለም የሚያውቀው የይርጋጨፌ ቡና በአንድ ሌሊት ዝናብ ምክንያት ከደረጃው ወርዶ ሲሸጥ፣ የሚጎዳው ቀድሞ አርሶ አደሩ ነው።

ፀሐዩም ቢሆን ሲበዛ ያበላሻል። ሌሊት ብርድና ጤዛ ውሎ አድሮበት፣ ቀትር ላይ ኃይለኛ ፀሐይ የሚያርፍበት የታጠበ ቡና ስስ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ስለዚህ ሸራ የሚያስፈልገው ለዝናብ ብቻ አይደለም። በቀትርም፣ ማታም መሸፈን፣ በየጊዜው ማገላበጥ፣ የፍሬው እርጥበት ወደ 11 በመቶ ገደማ ሳይወርድ በጆንያ አለመከመር የግድ ነው። ይህንን ብዙ አርሶ አደር ያውቀዋል። የሚያንሰው ዕውቀት ሳይሆን ሸራው፣ አልጋው፣ የእርጥበት መለኪያው ነው።

እዚህ ላይ “ቀይ እሸት ብቻ ልቀሙ” የሚለው ምክር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ዝናብ ያጠላበት፣ ስርቆት የሚያሰጋውና ገንዘብ ያጠረው ሰው ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር አደባልቆ ቢለቅም፣ በማስጠንቀቂያ ብቻ አይመለስም። የሚሸፍንበት ነገር ካገኘ ግን መታገስ ይችላል።

የወቅቱ መዛባት የሚመጣውን ዓመት ምርትም ይነካል። ቡና የሚያብበው ከደረቅ ወቅት በኋላ በሚጥል ዝናብ ሲሆን፣ አበባውም ዝናቡ ከጣለ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ይፈነዳል። ያለ ጊዜው በታኅሣሥ የወረደ ዝናብ ዛፉን ያታልለዋል። ጥቂት አበባ ይወጣል፣ ከዚያ ጥር ሲደርቅ ይረግፋል። የተረፈውም ከበልጉ አበባ ጋር አብሮ ስለማይበስል የለቀማው ዙር ይበዛል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ፍሬና አበባ አብረው ሲገኙ ደግሞ የለቃሚው እጅ የከርሞውን አበባ ያረግፋል። እርጥብና ቀዝቃዛ አየር ሲራዘም፣ እ.ኤ.አ ከ1971 ጀምሮ በሀገራችን የሚታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ (ሲቢዲ) ይበረታል።

በደጋው፣ በቡሌና በመሰል ቀበሌዎች ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ደመና በሌለው የበጋ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ ወደ ሸለቆውና ወደ ረባዳው ይወርዳል። ውርጭ ዳገቱን ትቶ ከታች ያለውን ማሳ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ባቄላና ድንች ረባዳ ቦታ ላይ በዚህ ወቅት መዝራት ዕዳ ነው። እንሰት ቅጠሉ ቢቃጠልም ከሥሩ ያገግማል፤ ለዚህም ነው አባቶች የቤቱን ዙሪያ በእንሰት የሞሉት። ውርጭ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ በሐምሌ 1975 በብራዚል ፓራና ግዛት የወደቀ የአንድ ጊዜ ውርጭ የግዛቲቱን ቡና ከሞላ ጎደል አጥፍቶ የዓለምን የቡና ዋጋ ለዓመታት አንሮታል።

ጌዴኦ ከብራዚሉ ሜዳ የሚለየው ዛፍ ስላለው ነው። የዋንዛው፣ የብርብራው፣ የብሳናው ጥላ ቀን ላይ ፀሐዩን ያበርዳል፣ ሌሊት የመሬቱን ሙቀት ያቆያል፤ የሙቀቱ ልዩነት ከጥላው ሥር ጠባብ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚሁ ዛፍ፣ እንሰትና ቡና አብሮ የማልማት ጥበብ ነው። ምዝገባው ለበዓል ንግግር ማድመቂያ ሆኖ መቅረት የለበትም። ዋንዛውን ቆርጦ ለጣውላ የሚሸጥ፣ በቦታውም ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው የአየር ጠባይ መከላከያውን አብሮ እየሸጠ መሆኑን የቀበሌ ባለሙያ በማሳው ላይ ቆሞ ሊያስረዳው ይገባል። የመሬቱ ጥበት የሚያስገድደው መሆኑም አይካድም፤ ስለዚህ ከተግሣጹ ጋር ችግኝ ይምጣ።

የወረዳ አመራሩ ድርሻ ከዚህ የቀረበ ነው። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየወቅቱን ትንበያና የ10 ቀን የግብርና ሜትዮሮሎጂ መረጃ ያወጣል። መረጃው በቢሮ ቋንቋ እንደተጻፈ በፋይል ቢቀመጥ ለማንም አይጠቅምም። በጌዴኡፋ በአጭሩ ተነግሮ በልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ በገበያ ቀን፣ በሶንጎው፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ በኩል በሁለት ቀን ውስጥ ደጃፍ መድረስ አለበት። “በመጪዎቹ ቀናት ዝናብ ይጠበቃል፤ የሰጣችሁትን ሸፍኑ፣ ለቀማውን አዘግዩ” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከረጅም ሪፖርት ይሻላል። ትንበያ አንዳንዴ ይስታል፤ ያለ ዝናብ የተሸፈነ ቡና ግን የሚያስከፍለው የአንድ ከሰዓት ድካም ብቻ ነው።

ሸራውን በተመለከተ ግዥው ዝናቡ ከጣለ በኋላ የሚታሰብ ከሆነ ዋጋ የለውም። መሠረታዊ ማኅበራትና የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባላትን የሸራ፣ የሽቦና የእርጥበት መለኪያ ፍላጎት በሐምሌ ቢመዘግቡ፣ ዕቃው እስከ መስከረም መጨረሻ በይርጋጨፌ፣ በኮቸሬ፣ በገደብና በወናጎ መጋዘኖች ሊገባ ይችላል። ክፍያውም አርሶ አደሩ ኪሱ ባዶ በሆነበት ክረምት ሳይሆን፣ እሸት ባስረከበ ጊዜ ተቀናሽ ቢሆን የሚቀበለው አያጣም።