የቴፒ ዝናም ከወዴት ይመጣል?

ከባሕር ጠረፍ እጅግ ርቃ በሸካ ደን ቆላማ ጫፍ ለተቀመጠችው ለቴፒ ስለ ውቅያኖስ መናገር ከንቱ ድካም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ዘመነ ክረምትን ሲከፍሉ መብረቅንና ነጎድጓድን፣ ባሕርንና አፍላግን፣ ጠልንም በአንድ ክፍል አስተባብረው መዘከራቸው፣ የደጋውን ዝናም ከባሕሩ ነጥሎ ማሰብ እንደማይገባ የተረዳ ልቡና እንደ ነበራቸው ያሳያል።

የዛሬ ተመራማሪዎችም በሌላ መንገድ ከዚሁ ደርሰዋል። በከፍተኛ ቦታዎቻችን የሚወርደው ዝናም ከሕንድ ውቅያኖስ፣ በኮንጎ ደን ላይ አልፎ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ እንዲሁም ከቀይ ባሕር አቅጣጫ ነፋስ ተሸክሞት የሚመጣ እርጥበት ነው፤ የሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ገጽ ከልኩ በላይ ሲሞቅም፣ ኤልኒኞ የተባለው ማለት ነው፣ ክረምታችን ይታወካል። በ2007 ዓ.ም. ዝናሙ በሰሜንና በምሥራቅ በመቅረቱ በማግሥቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ እጁን ለርዳታ እህል ዘርግቷል። ደቡብ ምዕራቡ ከዋናው መከራ ቢተርፍም፣ ይህ የሚያኮራ ነገር አይደለም።

የሰው ልጅ ነዳጅ በማቃጠል ካከማቸው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የዋጠው ባሕር ነውና፣ የባሕር ሥነ ሕይወት ሊቃውንት የሚመዘግቡት ጉዳት የእኛም ዕዳ ነው። ኮራል የተባለው ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳ በሥጋው ውስጥ በሚኖር ረቂቅ አልጌ ይመገባል፤ ውሃው ከተለመደው ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ብቻ በልጦ ለሳምንታት ሲቆይ ግን መጋቢውን አስወጥቶ ይነጣል፣ ሙቀቱም ካልበረደ ይሞታል። ይህ ንጣት ለ4ኛ ጊዜ ዓለምን ማዳረሱ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ተነግሯል። በሰሳና በዋንዛ ጥላ ሥር ቡና የሚለቅም የሸካ ገበሬ፣ ጥላው የተቆረጠበት ቡና እንዴት እንደሚጠወልግ ያውቃልና፣ የኮራሉን ነገር ከብዙ የተማረ ሰው ፈጥኖ የሚያስተውል ይመስለኛል።

ቡናውም ቢሆን ከዚሁ ፍርድ አላመለጠም። ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ ከእንግሊዙ የኪው ዕፅዋት ተቋም ሊቃውንት ጋር በ2005 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ለጫካ አረቢካ ቡና የሚስማሙት ሥፍራዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2080 ድረስ ቢያንስ በ65 በመቶ እንደሚቀንሱ፣ የከፋው ቢመጣም ፈጽመው ሊጠፉ እንደሚቃረቡ ገምተዋል። ቡናው ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ደጋ ይውጣ የሚሉ አሉ፤ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን ከቴፒ በላይ ያለው ባዶ መሬት ሳይሆን፣ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሸካ ደን ነው፤ ለቡናው ቦታ ለማስፋት ደኑ ቢመነጠር፣ እርጥበቱን መልሶ ወደ አየር የሚያወጣውና ካርቦኑን የያዘው ዛፍ አብሮ ይወድቃል፣ ባሕሩን የሚያሞቀውም ጭስ ይበዛል።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፦ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የውቅያኖስን ትምህርት የወደብ አገሮች ጉዳይ ነው ብሎ ሳይተው፣ ከቡናና ከቅመማ ቅመም ምርምሩ ጎን ወንበር ይስጠው። የወቅት ትንበያም ለገበሬው ሲነገረው፣ ዝናሙ ይበዛል ወይም ያንሳል ተብሎ ብቻ ሳይቀር፣ በየትኛው ባሕር ላይ ምን ስለ ሆነ እንደሆነ በሚገባው ቋንቋ ይጨመርለት፤ ቡናውን መቼ እንደሚለቅምና የትኛውን ዛፍ ለጥላ እንደሚያስቀር የሚወስነው እሱ ነውና።