በሬዎቹን አትሽጡ!

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ መጽሐፌን ጨረስኩ። ማተሚያ ቤት ለ1000 ኮፒ 230 ሺህ ብር ጠየቀኝ። አባቴ በሬዎቹን ሸጦ ሊሞላልኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ለእሱ ብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው አልኩ፤ ዘንድሮ ይህንኑ ሲጠይቀኝ እሱ አራተኛው ነው። መልሴ አጭር ነው፦ በሬዎቹን አትሽጡ። «ወጣቱን ተስፋ አታስቆርጥ» የምትሉ ወዳጆቼ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ኑ፣ ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በራሴ ልጀምር። በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልቦለዴን አሳተምኩ። አሳተምኩ ስል እኔው አሳታሚ፣ እኔው ገንዘብ ከፋይ፣ እኔው ካርቶን ተሸካሚ ነበርኩ ማለቴ ነው። ለ1000 ኮፒ ለማተሚያ ቤት 42 ሺህ ብር፣ ለሽፋንና ለገጽ ቅንብር 4 ሺህ፣ ለምርቃቱ አዳራሽ፣ ባነርና ሻይ ቡና 9 ሺህ ከፈልኩ። ለአርታኢስ? ዜሮ! ገጽ 41 ላይ የቀበርኳት አክስት ገጽ 96 ላይ ቡና ስታፈላ ያገኘቻት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤት ስገባ ግን አልሳቅሁም።

የሽፋኑ ዋጋ 100 ብር ነበር። አንድ አከፋፋይ 600 ኮፒ ወሰደ፤ 40 በመቶው የእሱ፣ 60ው ብር የእኔ። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ «በመተማመን» ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተመላልሼ የ200 ኮፒ ሂሳብ፣ 12 ሺህ ብር ተቀበልኩ። የቀረው «አልተሸጠም» ተባለ። «እሺ መጽሐፉን መልሱልኝ» ስል ደግሞ «ክፍለ ሀገር ተበትኗል»። 150ውን በምርቃቱና በመምህራን ማረፊያ ክፍል ራሴ ሸጥኩ። 70ው «ፈርመህ ስጠኝ» ላሉኝ በነፃ ሄደ። 180ው እስከ ዛሬ አልጋዬ ሥር አለ። 55 ሺህ ብር ወጣ፣ 27 ሺህ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የመምህር ደመወዝ ስንት እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ።

አሁን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱልኝ። ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ይቀበላል፤ ቀሪው ሳይከፈል መጽሐፉ ከግቢው አይወጣም። ባለ አዳራሹ በቅድሚያ ይቀበላል። አከፋፋዩ ምንም ሳይከፍል ይጭናል። ከሁሉ በፊት የሚከፍለው፣ ከሁሉ በኋላ የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የጻፈው! ይሄ እኮ ሕትመት አይደለም። አሳታሚ ማለት ረቂቁን አንብቦ፣ አርሞ፣ በራሱ ገንዘብ አትሞ፣ ለደራሲው ድርሻውን የሚከፍል፣ መጽሐፉ ካልተሸጠም አብሮ የሚከስር ነው። ሙሉውን ብር ከእናንተ ተቀብሎ አርማውን ሽፋኑ ላይ የሚለጥፍ ድርጅት አሳታሚ አይደለም፤ ደላላ ነው።

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር። ሳንሱሩን አልናፍቅም፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በዚያው ቤት ታትሞ ከገበያ እንደተሰበሰበ የማያውቅ የለም። ግን አንድ ነገር እንመን፦ ድርጅት ሲያሳትም የወረቀቱን ዋጋ የሚሸከመው ደራሲው አልነበረም። ዛሬ ሳንሱሩ በሬ ነው፤ ያለው ያሳትማል፣ የሌለው ረቂቁን ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ዋጋውን መናገር አያስፈልግም፤ የእኔ አንድ ኮፒ 42 ብር ነበር፣ የተማሪዬ 230 ነው።

«ትልልቆቹም በራሳቸው ገንዘብ ነው የጀመሩት» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ብዙዎቹ። የተሳካላቸውን በስም እናውቃቸዋለን። አልጋ ሥር የቀሩትን ማን ቆጠራቸው?

ታዲያ አናሳትም ወይ? አሳትሙ! ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ አንባቢ፣ ቀጥሎ አርታኢ፣ ማተሚያ ቤት መጨረሻ። አጫጭር ሥራዎቻችሁን በፌስቡክና በቴሌግራም አውጡ፤ ማን እንደሚያነባችሁ እወቁ። ረቂቁን ለማይወዷችሁ፣ ቢያንስ ለማያፍሯችሁ አምስት ሰዎች ስጡ። የአዳራሹን ብር ለአርታኢ ክፈሉ። ከዚያ በዲጂታል ማሽን 100 ወይም 150 ኮፒ አሳትሙ። የአንዱ ኮፒ ዋጋ ይወደዳል፣ አልክድም። ኦፍሴት የሚረክሰው የዝግጅቱ ወጪ ለብዙ ኮፒ ስለሚካፈል ነው። ነገር ግን ሳይሸጥ ከሚቀመጥ ርካሽ መጽሐፍ የበለጠ ውድ ነገር የለም። 150ው አልቆ ሰው «የት ነው የሚገኘው?» ማለት ሲጀምር ያኔ 1000 አሳትሙ። በሬውም ያኔ ይሸጥ፣ ካስፈለገ።

ሁለት ነገር ደግሞ አትርሱ። አንደኛ፣ ወረቀት። ከማተሚያ ቤቱ ጋር የኮፒ ብዛት፣ የወረቀት ግራም፣ የመረከቢያ ቀን ይጻፍ፤ ናሙናውን ገጽ በገጽ ሳታዩ «ይታተም» ብላችሁ አትፈርሙ። አከፋፋይም ስንት እንደወሰደ፣ በስንት በመቶ፣ መቼ እንደሚከፍል፣ ያልተሸጠውን መቼ እንደሚመልስ ይፈርም። «አታምነኝም ወይ?» ካላችሁ «ስለማምንህ ነው የምታስፈርመኝ» በሉት። ሁለተኛ፣ መብት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጻፋችሁት ሥራ ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ የእናንተ ነው፤ ባይመዘገብም። ጥበቃው ዕድሜ ልካችሁንና ከሞታችሁ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። የልጅ ልጆቻችሁ የሚወርሱትን ነገር በአንድ ሻይ ቤት፣ በአንድ ፊርማ አትስጡ።

እናንተ አንባቢዎችስ? የጓደኛችሁ መጽሐፍ ሲወጣ «እንኳን ደስ አለህ» ብላችሁ ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ የምትፈልጉ፣ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተም ነው። በነፃ ከወሰዱብኝ 70 ሰዎች ውስጥ ስለ አክስቴ የጠየቀኝ አንድም የለም። የጠየቀችኝ ገዝታ ያነበበችው ተማሪ ናት።

ወንድሜ፣ ረቂቅህን ላክልኝ። እኔ አርታኢ አይደለሁም፤ ቀይ እስክሪብቶ ግን አለኝ፣ ከክፍል ሥራ ደብተርህ ጀምሮ ታውቀዋለህ። አባትህን ሰላም በልልኝ። እንዲህ የሚያምንብህ አባት ማግኘት ቀላል አይደለም። በሬዎቹ ግን ለክረምቱ እርሻ ያስፈልጓቸዋል።