ፍሬኑ ሳይሞከር ጭነት አይሰቀል

ቢቸናም ሆነ ሞጣ ላይ ፎቅ ሲያሠራ ሲሚንቶና ብሎኬት በኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ላይ የሚያስጎትት ሰው፣ ገመዱን እንደሚያየው ሁሉ የሞተሩንም ፍሬን ማስፈተሽ አለበት። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ፍሬን የሚይዘው በስፕሪንግ ነው፤ መብራት ሲኖር ማግኔቱ ስቦ ያላቅቀዋል፣ መብራት ሲጠፋ ስፕሪንጉ የፍሬኑን ሸራ መልሶ ያጣብቀዋል። ስለዚህ መብራት በተቋረጠ ቁጥር በሠራተኛ አናት ላይ የተንጠለጠለው ጭነት አደራው የዚያ ስስ ሸራ ነው። ሸራው ባለቀ መጠን ማግኔቱ የሚስብበት ክፍተት ይሰፋል፤ ሲብስ ማግኔቱ መሳብ ያቅተውና ሞተሩ ፍሬን እንደያዘ እየዞረ ሸራውን ያቃጥለዋል። ዘይት ወይም ግሪስ ከነካውማ ስፕሪንጉ እየተጫነውም ይንሸራተታል።

«እስከ ዛሬ ይዟል፣ ምን አስነካን?» የሚል አይጠፋም። ትናንት መያዙ ግን ዛሬ ምን ያህል ሸራ እንደቀረው አይናገርም። ሥራ ይፈታል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ ሆኖም ጠዋት ከሥር ማንም ሳይቆም ጭነቱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ መንሸራተት አለመንሸራተቱን ማየት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ለክቶ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ማስተያየት ደግሞ የባለሙያ ድርሻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። አሠሪዎች፣ ነገ ጠዋት ከመጀመሪያው ጭነት በፊት ፍሬኑን ሞክሩት፤ ከተንሸራተተም እስኪጠገን አንድም ብሎኬት አታስጭኑ።