ከማስተርስ ወዲያ ያለው መንገድ፦ የፔታህ ቲክቫ ልጆች እና የዩኒቨርሲቲው በር

በ2009 የትምህርት ዘመን መክፈቻ ላይ በፔታህ ቲክቫ የሆነውን የከተማዋ ነዋሪ የሆኑ ወገኖቻችን አይረሱትም። ከመንግሥት በጀት የሚያገኙ ሦስት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ወደ መቶ የሚጠጉ የማህበረሰባችንን ልጆች አንቀበልም አሉ። ወላጆች ተቃወሙ፣ የትምህርት ሚኒስቴር በጀታችሁን እቆርጣለሁ ብሎ አስጠነቀቀ፣ በመጨረሻም ስምምነት ተደረገ። ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል ለመግባት ቦርሳ የተገዛላቸው ሕፃናት ዛሬ ሃያ ዓመት አልፏቸው፣ ከሠራዊት ተመልሰው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ስለዚህ አሁን የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ልጆቻችን ውስጥ እዚያው ተመራማሪና አስተማሪ ሆኖ የሚቀረው ማን ነው?

ለመጀመሪያ ዲግሪ ድጋፍ አለ። በክሊታ ሚኒስቴር ሥር ያለው የተማሪዎች አስተዳደር መስፈርቱን ለሚያሟሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ ይህን ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ማስተርስ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ቴዛ የሚጻፍበት፣ ሌላው ያለ ቴዛ። ያለ ቴዛው አጠር ይላል፣ ሥራ ላለው ሰው ይመቻል፣ ለደመወዝ ዕድገትም ይጠቅማል። ነገር ግን ያንን የመረጠ ሰው በኋላ ዶክትሬት ልማር ቢል በአብዛኛው በሩን ዝግ ያገኘዋል፤ ተመልሶ የማሟያ የጥናት ሥራ ይጠየቃል። ይህ ውሳኔ የሚወሰነው በሃያ አምስት ዓመት አካባቢ፣ ብዙ ጊዜም የሚያማክር ሰው በሌለበት ነው። እናትና አባት «ልጄ ማስተርስ ገባ» ሲባሉ እልል ይላሉ፤ ደስታው የሚገባ ነው። «ቴዛ አለው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ ግን እምብዛም አይገኝም።

የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪነት እንደ ማንኛውም ሙያ በሥራ ላይ የሚለመድ ነው። የዶክትሬት ተማሪ የኑሮ ድጎማ ያገኛል፣ የመምህሩ ረዳት ሆኖ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ ጥናቱን በእንግሊዝኛ መጻፍ ይለማመዳል። ዶክትሬቱን ሲጨርስ ደግሞ፣ በተለይ በሳይንስ ዘርፍ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ ሄዶ ሁለት ዓመት ገደማ በሌላ ተቋም እንዲሠራ ይጠበቃል፤ ይህ ፖስት ዶክቶራት ይባላል። ያለዚህ የመምህርነት ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በእኔ እምነት የእኛ ልጆች የሚከብዳቸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ችሎታ አይደለም። በብዙ ቤታችን የተማረው ልጅ የቤቱ ጸሐፊም አስተርጓሚም ነው። የባንኩን ደብዳቤ የሚያነበው፣ አባቱን ኩፓት ሆሊም የሚወስደው፣ ለማሽካንታው ዋስ የሚሆነው እሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለሁለት ዓመት ቦስተን ልሂድ ሲል ቤተሰቡ ከእጁ የሚወጣ ይመስለዋል። አጎቱ ፕሮፌሰር የሆነለት የክፍል ጓደኛው ግን ይህን መንገድ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ያደገ ነው፤ ቤተሰቡም አስቀድሞ ተዘጋጅቶበታል።

የከፍተኛ ትምህርት የዕቅድና የበጀት ኮሚቴ፣ በዕብራይስጥ አጠራሩ ቫታት፣ የኢትዮጵያ ተወላጅ ለሆኑ ተማሪዎች ለቴዛ ማስተርስ፣ ለዶክትሬት እና ለፖስት ዶክቶራት የሚሆን ስኮላርሺፕ ከፍቷል። ማመልከቻው የሚሄደው በዩኒቨርሲቲው በኩል ስለሆነ፣ የዲካን ቢሮን አስቀድሞ ያልጠየቀ ተማሪ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል። በ2011 የወጣው የሕግ ማሻሻያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለማህበረሰባችን ተገቢ ውክልና እንዲሰጡ ያዛል። ዩኒቨርሲቲ ግን ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ተቋም ነው። ግፊት ማድረግ የሚቻለው በገንዘቡ በኩል ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ከቫታት ነው።

ፔታህ ቲክቫ የራሷ ዩኒቨርሲቲ የላትም፤ ባር ኢላን ግን እዚሁ አጠገብ ራማት ጋን ነው። ከተማዋ ውስጥ ያሉት ቤይሊንሰን እና ሽናይደር ሆስፒታሎችም ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ጋር የተያያዙ ናቸው። እዚያ ሐኪሙ ያክማል፣ ያስተምራል፣ ይመራመራልም። ነርስ የሆኑ ልጆቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ የምርምር ሥራ ከሚሠሩበት ሕንፃ ብዙም አይርቅም።

ሌላው ደስ የሚያሰኝ ጉዳይ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ «የኦሪት ጠባቂዎች» በሚል ስም የተከፈተው የማስተርስና የዶክትሬት ፕሮግራም ነው። ከመሥራቾቹ መካከል የግዕዝና የአማርኛ ቋንቋ ምሁሩ ፕሮፌሰር አንበሳ ተፈራ ይገኙበታል። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ልጆች ሲሆኑ፣ ኦሪትን በግዕዝ ያጠናሉ፣ ከቄሶች አፍ የሚገኘውንም ትርጓሜ ይመዘግባሉ። ስለ እኛ የተጻፈው ጥናት መደርደሪያ ይሞላል፤ ጸሐፊዎቹ ግን ለረጅም ዘመን ሌሎች ነበሩ፣ እኛ ተጠያቂዎች ነበርን። ግዕዙን አዋቂ የሆኑት ቄሶቻችን እያረጁ ስለሆነ ይህ ሥራ የሚቆይ አይደለም።

ስለ ተመራማሪ ብቻ ተናግረን ማለፍ አይገባም፤ ዩኒቨርሲቲ ጸሐፊ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻንም አለው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሥልጠና ሲወስድ ሰዓቱ ይቆጠርለታል፤ 400 የታወቀ የኮርስ ሰዓት ሲሞላ ግሙል ሂሽታልሙት የሚባለው የደመወዝ ጭማሪ ይገባዋል። ኬሬን ሂሽታልሙትም አለ፤ በተለመደው አሠራር ሠራተኛው 2.5 ከመቶ፣ አሠሪው 7.5 ከመቶ ያስገባሉ። ብዙዎቻችን ከ6 ዓመት በኋላ መኪና የሚገዛበት ገንዘብ አድርገን እናየዋለን። ስሙ ግን የሥልጠና ፈንድ ነው፤ ለትምህርት ከሆነ ከ3 ዓመት በኋላ ማውጣት ይቻላል።

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ግን ብዙ ወገኖቻችን በጽዳትና በጥበቃ የሚሠሩት በካብላን ሥር ነው። ሃያ ዓመት አንድ ፎቅ ያጸዳች እናት ከፎቁ ሠራተኞች ጋር ቡና ትጠጣለች፣ በስማቸው ትጠራቸዋለች፤ በወረቀት ላይ ግን የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ አይደለችም። ለቋሚ ሠራተኛ የሚሰጠው ኮርስ፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኛ ልጆች የሚደረገው የክፍያ ቅናሽም አይደርሳትም። ስለዚህ በግቢው ሥራ የሚፈልግ ሰው ከደመወዙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ በደመወዝ ወረቀቱ ራስጌ ላይ አሠሪ ተብሎ የሚጻፈው የማን ስም ነው?