ደመወዝ፦ በስምምነት

ደሞዜ በወር 900 ዶላር ነው። የሚከፍለኝ ውጭ አገር ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ነው፤ የምሠራው ደግሞ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ከተከራየኋት ቤት ሆኜ ነው። በመስከረም 2018 ምንዛሪ ወደ ብር ሲመነዘር 130 ሺህ አካባቢ ይመጣ ነበር። ልጎርርባችሁ አይደለም። ስለ ደሞዝ ልዩነት የሚጽፍ ሰው የሌላውን ኪስ እየቆጠረ የራሱን ሲዘለው ያናድደኛል፤ እኔም እስካሁን ስዘለው ነው የኖርኩት።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት፣ ፔዳ በር አጠገብ ጀበና ቡና የምንጠጣበት በረንዳ ላይ አራት ነበርን። እኔ፣ የፊዚክስ መምህር የሆነው ጓደኛዬ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽዳት የሚሠሩ እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ እና ቡናውን የምታፈላው ልጅ። ወሬው ደሞዝ ላይ ወደቀ። የመስከረም 2018ቱ ጭማሪ ለመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛውን ከ4,760 ወደ 6,000፣ የዲግሪ መነሻውን ከ6,940 ወደ 11,500፣ ጣሪያውን ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ነው ያደረሰው። እትዬ 6,000 ላይ ናቸው። ለጓደኛዬ የዲግሪ መነሻውን እንያዝለት፤ የእሱም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ልጅቷ 2,500 ብርና ምሳዋን ታገኛለች፣ ጉርሻው እንደ ቀኑ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፣ ቁጥር ሳይ እጄ ይበላኛል። ስልኬን አውጥቼ ደመርኩ፦ 150 ሺህ። ለአራት ሲካፈል 37,500። የዚያ በረንዳ «አማካይ ደሞዝ» ከአገሪቱ የመንግሥት ሠራተኛ ጣሪያ በ1,500 ብር ብቻ ነው የሚያንሰው! ግን በረንዳው ላይ 37,500 የሚያገኝ ሰው የለም፤ የሚጠጋውም የለም። አራታችንን ከታች ወደ ላይ ደርድራችሁ መሀል ያሉትን ሁለቱን ብታዩ 8,750 ነው የሚወጣው። እኔን ከበረንዳው ብታስነሱኝ አማካዩ 6,667 ይሆናል። አንድ ሰው ሽንት ቤት ደርሶ እስኪመለስ ከተማው ይደኸያል ማለት ነው።

የድህነትና የልዩነት ነገር ሲነሳ ደግሞ የጂኒ ቁጥር ይመዘዝብናል። በ2008ቱ የቤተሰብ ጥናት የኢትዮጵያ ጂኒ 35 ነበር፤ የደቡብ አፍሪካው 63 ነበር፤ እናም «እኛኮ ብዙም አንራራቅም» ይባላል። ያ ቁጥር ግን የሚለካው ሰው በወር ምን እንዳጠፋ እንጂ ምን እንደተከፈለው አይደለም። ልጅቷ ባሏት 2,500 ላይ አክስቷ ከገጠር ጤፍ ከላከችላት፣ ጤፉ «ፍጆታ» ሆኖ ተቆጥሮ ከእኔ ጋር ትንሽ ያቀራርባታል። የደሞዟ ወረቀት ላይ ግን ምንም አልተለወጠም።

አሁን ወደሚያጣላኝ ነገር ልምጣ። እኛ የቴክ ልጆች አንድ መዝሙር አለን፦ «ስኪል ገንባ።» ደሞዝ አነሰኝ ላለ ሁሉ መልሱ እሱ ነው። ኮርስ ውሰድ፣ ፖርትፎሊዮ ሥራ፣ እንግሊዝኛህን አሻሽል። እኔም ለስንት ሰው ብያለሁ። ልዩነቱ የችሎታ ነው ብዬ የማምነው ስለተመቸኝ ነበር።

ሁለት ነገር ነው ይህን እምነቴን የበላው። አንደኛው፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ ክልላችን ውስጥ ጦርነቱ ተፋፍሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ መዘጋቱም ለወራት ቀጠለ። የዚያን ሰሞን የነበረኝን የኮንትራት ሥራ በሦስት ሳምንት አጣሁ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሄጄ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፌ ስሠራ ደሞዜ ተመለሰ። እዚያም እዚህም ያው እጅ፣ ያው ጭንቅላት፣ ያው ኮድ። ዘመድ የሌላቸው፣ ከእኔ የተሻለ የሚጽፉ ልጆች ባሕር ዳር ቀሩ። አንዱ እስከዛሬ ወደ ሙያው አልተመለሰም፤ ባጃጅ ይነዳል።

ሁለተኛው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። እኔ በዚያ ወር አንዲት አዲስ ነገር አልተማርኩም። እንዲያውም ሰነፍኩ። 51 ሺህ የነበረው ደሞዜ ግን 90 ሺህን አልፎ ሄደ። ጓደኛዬ በዚያው ወር የማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰጥ ነበር የከረመው፤ እሱ ያገኘው የዘይት ዋጋ ነው። በመስከረም 2018 ምንዛሪ 11,500 ብር 80 ዶላር ገደማ ነበር። እና ማን ነው ስኪል የገነባው?

ሐኪም ለመሆን ከስድስት ዓመት በላይ ይፈጃል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደሞዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ እነሱንም ኮርስ ውሰዱ ልንላቸው ነው? ችሎታ ዋጋ የለውም አላልኩም። ሁለት ፕሮግራመር በአንድ ድርጅት ውስጥ ሲበላለጡ አዎ፣ ችሎታ ሊሆን ይችላል። 900 ዶላሩንና 80 ዶላሩን የሚለያያቸው ግን ከፋዩ ማን እንደሆነና በምን ገንዘብ እንደሚከፍል ነው። የእኔ ቀጣሪ ሳይቀር የሚከፍለኝ እሱ አገር ላለ ጀማሪ የሚከፍለውን ሲሶ ነው። ባሕር ዳር ስለምኖር። በዚህ ስናደድ «ለአንተ አገር በቂ ነው» ይሉኛል። እኔም ቡና ለምታፈላው ልጅ ያንኑ በልቤ ስላት ኖሬያለሁ።

የግብሩ ነገር ይባስ። በ2017 በተሻሻለው አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ ከ14,000 በላይ ላለው ደግሞ 35 በመቶ ነው። የጓደኛዬን 11,500 አስሉት፦ ግብር 2,100፣ ጡረታ 7 በመቶ 805፣ እጁ የሚገባው 8,595። ከእጁ ሳይደርስ ነው የሚቆረጠው። የእኔ ዶላር ላይ የሚቆርጥ የለም። ሕጉ እዚህ የሚኖር ሰው ከውጭ የሚያገኘውንም ይጨምራል፤ ራሴ ሄጄ ካላስታወቅሁ ግን የሚጠይቀኝ አልነበረም፣ የመጀመሪያውን ዓመትም አላስታወቅሁም። «አንተኮ ለአገር ዶላር ታስገባለህ» የሚሉኝ አሉ። አስገባለሁ። እና? ጓደኛዬም ለአገር ኒውተንን ያስገባል፣ በክፍል 60 ልጅ።

ልጅቷን ደግሞ ጭራሽ ወለል የሚባል ነገር አያውቃትም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል። እስካሁን አንድ አሠሪ ከዚህ በታች አትከፍልም የሚባልበት ቁጥር የለም። ቁጥር ከተቀመጠ ኢንቨስተር ይሸሻል ይባላል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ሰፊዎች መነሻ በወር 26 ዶላር እንደነበር በ2011 ዓለም ሁሉ ጽፎታል፤ ከዓለም ዝቅተኛው ነው ተብሎ። ርካሽነታችን ያመጣውን አይተናል፤ ሠራተኞቹ በገፍ ነበር የሚለቁት።

ቦርዱ እስኪቋቋም ግን እኛም አንድ ነገር ማቆም እንችላለን፤ ምስጢሩን። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ሲል አይታችኋል። ምን ዓይነት ስምምነት ነው? አንደኛው ወገን የሁሉንም ሠራተኛ ደሞዝ ያውቃል፣ ሌላኛው የቤት ኪራዩን ቀን ብቻ ያውቃል። እኔ ስቀጠር ስንት እንደሚከፈል ብጠይቅ ኖሮ 900 አልልም ነበር፤ አብሮኝ ለሚሠራው የናይሮቢ ልጅ 1,400 እንደሚከፈለው ያወቅሁት ከዓመት በኋላ፣ በስህተት ነው። ደሞዝ መናገር ነውር ነው ብለው ያሳደጉን ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም፣ ምቀኛ ፈርተው ነው። ነውሩ የጠቀመው ግን ቀጣሪን ነው። አሁን የቴሌግራም የሥራ ቻናል ያላችሁ ልጆች ታነባላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ቁጥር የሌለው ማስታወቂያ አትለጥፉ። ይሄ አዋጅ አይፈልግም።

አከራዬ ደሞዜን አወቁ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ኪራይ ጨመሩ፣ ከፈልኩ። ጎረቤት አከራይ ሰማ፣ እሱም ጨመረ። እዚያ ግቢ የነበረው ጓደኛዬ ነው፤ አልቻለም፣ ከአባይ ድልድይ ማዶ ወደ ዘንዘልማ በኩል ወጣ። ፔዳ ስሟን ያገኘችው በ1960ዎቹ መምህራን ሊያሠለጥን ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። «ስማ፣ ያን ጃቫስክሪፕት የምትለውን አስጀምረኝ እስቲ» አለኝ። ፊዚክስ በማስተርስ የያዘ ሰው ነው፤ ሉፕ ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ቤቴ እየመጣ እንሠራለን፣ በስድስት ወር ውስጥ ሥራ የሚያገኝ ይመስለኛል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ የሚያስተምረው እሱ ብቻ ነው።